ስምንተኛው ስንዝር

የዚህን ቤት ሰዎች ታሪክ ከሥሩ እናውራ ካልን ከመጀመሪያው አባት መነሳት ነበረብን። ግን እሱ ጋ ከሄድን ዛሬ አንመለስም፤ አያትየው አፍ ላይ እሱ ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ከብሉ እንጀምር።

ብሉ ረፋድ ላይ ከጥቅሉ ወጥቶ በረረ። ያየችው ምላጭ ናት። ምላጭ የተባለችው በምላሷ ምክንያት ነው እንጂ የወጣላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ከአያቷ በቀር የሚያስታውሰው የለም፣ አያቷም በእሱ የምትጠራት ስትቆጣ ብቻ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ደብተሯን ዘግታ መሸመኛው ላይ ከወጣች አራት ዓመት ሆናት። ያን ቀን አያቷና አክስቷ ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር፤ የአያቷን ዓይን ሞራ ጋርዶት፣ ሐኪም ይየው ተብሎ። ምላጭ ብቻዋን እግሯ መርገጫውን ሲረግጥ፣ አፏ ዘፈን ሲያበላሽ፣ አንድ አመድማ ብል በአፍንጫዋ ሥር አልፎ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ከየት መጣህ አንተ?» አለችው።

ቀና አለች። ከመሸመኛው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጥቅሉ ያለበት ከረጢት በሚስማር ተሰቅሏል። ከከረጢቱ አፍ ሌላ ብል ወጣ።

እዚህ ላይ ጥቅሉ ምን እንደሆነ ካልተነገረ ነገሩ አይገባም። በዚህ ቤት ማንም ሰው መሸመኛውን ለሁልጊዜ ሊለቅ ሲል፣ ሞትም ያስለቅቀው ትዳር፣ በገዛ እጁ ስንዝር ልክ አንዲት ቁራጭ ሸምኖ ይሄዳል። ቁራጯ ከቀደሙት ጋር ጫፍ ለጫፍ ትሰፋና ትጠቀለላለች። ሰባት ስንዝር ነው ያለው፣ የሰባት ሰው። የመጀመሪያው አባት መሸመኛውን በጀርባው ተሸክሞ መጥቶ እግሮቹን እዚህ መሬት ውስጥ የቀበረ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው አልነቀለውም፣ ቤቱ ሁለት ጊዜ ፈርሶ ሲሠራ እንኳ በላዩ ላይ ነው የተሠራው። ልጁ ሰነፍ ነበር፣ ስንዝሩም ወንፊት ነው ይባላል። ሦስተኛዋ አንድ እጇ ሽባ ስለነበር መወርወሪያውን ወርውራ በአገጯ ትቀበል ነበር። ታሪኩ እዚህ ጋ ሲደርስ አክስትየው «ውሸት ነው» ትላለች፤ አያትየው «አንቺ ነበርሽ?» ትላታለች። አምስተኛዋ አማቷ ነጭ ብቻ ሸምኚ ስላለቻት፣ ስንዝሯ መሐል አንዲት ቀይ ክር ሰድዳ ነው የሞተች። እንዲህ እያለ እስከ አያትየው እናት ይወርዳል። ምላጭ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት እነዚህን ሰዎች ቆጥራለች።

ስንዝሩን ሳይሸምን የሄደ ሰው ግን አልሄደም። መንገድ ላይ ነው። ቦታው ይጠበቅለታል።

የምላጭ እናት መንገድ ላይ ናት። ከሄደች ዐሥር ዓመት ሆናት። ምላጭ ስድስት ዓመቷ ሳለ እናትየው አንድ ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና ላይ ወጥታ ሥራ ፍለጋ ሄደች። አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ዝም። «ስንዝሯን አልሸመነችም» አለች አያቷ፣ «ስለዚህ ትመጣለች።» አለቀ። ምላጭ በዚህች ቃል ነው ያደገችው። አግዳሚው ላይ እናቷ ትቀመጥ የነበረው በግራ በኩል ነው፤ ስለዚህ ግራው ክፍት ነው። ምላጭ መሸመን ስትጀምር ቀኝ ጠርዝ ላይ ተጣብቃ ተቀመጠች፣ አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያው። ግራ እጇ በደንብ አይደርስምና የምትሸምነው ጨርቅ ሁሉ በግራ በኩል ይላላል። ጨርቅ የሚወስደው ነጋዴ «የዚህ ቤት ጨርቅ ደግሞ ግራ ትከሻውን ምን ሆኖ ነው?» እያለ ይስቃል። «ሰው ስለሚጠብቅ ነው» ትለዋለች እሷም፣ እንደ ቀልድ።

ቀልድ አልነበረም። መኪና ቆም ባለ ቁጥር እግሯ ከመርገጫው ላይ ይቀራል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ፀጉሯን ታስተካክላለች። የእናቷን ፊት እየረሳችው ነው፤ ይሄን ለማንም አልተናገረችም። ያልረሳችው የእናቷን እጅ ሥራ ነው፤ የምትለብሰውን ብርድ ልብስ እናቷ ናት የሸመነችው። ማጉን ሁለት ጊዜ የመምታት ልማድ ነበራት፤ አንዴ ጠንከር፣ አንዴ ለስለስ። ስለዚህ ጨርቋ በጣት ሲዳሰስ እንደ ትንንሽ ደረጃ ነው።

አክስትየው ሩቅ ከተማ የልብስ ስፌት ቤት አላት። በየዓመቱ እየመጣች «ነይ ከእኔ ጋ፣ ሙያ ልስጥሽ» ትላታለች፤ ምላጭ በየዓመቱ «እናቴ ስትመጣ ማን በር ይከፍትላታል?» ትላለች። ዘንድሮ ግን አክስትየው አፍ አውጥታ ተናግራለች። አንድ ቦታ ተለቅቋል፣ የዚያን ቀኑን የዘጠኝ ሰዓት አውቶቡስ ካልተሳፈረች ለሌላ ትሰጠዋለች። ምላጭ መልሷን ከትናንት ጀምሮ አዘጋጅታ ይዛለች። አልሄድም ነው።

እና ብሉ።

ጥቅሉን አያቷ በዓመት አንዴ በር ዘግታ ራሷ ነው የምታናፍሰው። የራሱን ስንዝር ሊጨምር ያልመጣ ሰው አይፈታውም። ምላጭ ይሄን በደንብ ታውቃለች፤ ስታውቅም አግዳሚው ላይ ቆማ ከረጢቱን አወረደችው። «ሰባት ትውልድ ብል ከሚበላው እኔ ብሰደብ ይሻላል» አለች ለመሸመኛው።

ጥቅሉን ከመስኮቱ እስከ በሩ በተወጠረው ገመድ ላይ እየዘረጋች ሄደች። የአያቷ እናት። ቀጥሎ ስድስት ጣት ነበረው የተባለው። ቀይዋ ክር! እውነት ነበረች፣ ቀጥ ብላ እንደ ስድብ። ብቻዋን ሳቀች። አራተኛው። የአገጯ ሴትዮ ጨርቅ ደግሞ ከሁሉም የተስተካከለ ነው። ሰነፉ ልጅ፣ ወንፊት። የመጀመሪያው አባት፣ ወፍራምና ሻካራ፣ እንደ ከረጢት። ሰባት። እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

አላለቀም። ከመጀመሪያው አባት በፊት፣ ጥቅሉ እምብርት ላይ፣ አንድ ስንዝር ተሰፍቷል። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ብል ያልደረሰበት። ከአባትየው የሚበልጥ ማን አለ? ልትቀልድ አፏን ከፈተች። ጣቷ ግን ቀድሞ ነካው።

ደረጃ። አንዴ ጠንከር፣ አንዴ ለስለስ።

ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሳች። ቀኝ እጇን ዘርግታ አውራ ጣቷን አንዱ ጫፍ ላይ፣ ትንሿን ጣቷን ሌላው ጫፍ ላይ አደረገች። ልክክ አለ። አንዲት ክር አልተረፈም፣ አንዲት ክር አልጎደለም።

አያቷና አክስቷ ሲገቡ ምላጭ ከገመዱ ሥር ቆማ ነበር።

«ይሄን ማን ንኪ አለሽ?» አለች አያቷ። ዓይኗ ባያይም የተዘረጋው ጨርቅ ፊቷን ነክቷታል።

«የነካው ብል ነው። እኔ ገላጋይ ነኝ።»

«አንቺ…!» አለች አያቷ፣ ስሟን ሙሉውን ጠርታ።

«ቁጠሪ፣ እማማ።»

«ምኑን?»

«ስንዝሩን። ሰባት ነው እያልሽ ነው ያሳደግሽኝ። እስቲ በጣትሽ ቁጠሪ።»

አያቷ አልቆጠረችም። አግዳሚውን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። አክስቷ የተዘረጋውን አየች፣ መጨረሻውን አየች፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች።

«ታውቂ ነበር፣ እቴቴ?»

«እኔ ያኔ ከተማ ነበርኩ» አለች አክስቷ። «ግን… እህቴን አውቃታለሁ። ጀምራ የምትተወው ነገር አልነበራትም።»

«እማማ፣ ተናገሪ።»

 መንገድ ላይ አንድ ጋሪ አለፈ።

«አንቺ እዚህ መሸመኛው ሥር የክር ኳስ ታንከባልዪ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እሷ ትሸምናለች፣ እኔ እለምናታለሁ። ‹ተይው በሞቴ፣ ሳትጨርሺው ሂጂ፣ ለልጅሽ ተስፋ ይሁናት› አልኳት። ‹አይሆንም› አለችኝ። ‹ካልጨረስኩት ትጠብቀኛለች። እንዳትጠብቀኝ ብዬ ነው የምሠራው።›»

«ለምን? ሥራ ፍለጋ አይደል እንዴ የሄደችው?»

«የሚያገባት ሰው አግኝታ ነበር። ልጅ እንዳላት አልነገረችውም።»

ምላጭ ነጩን ስንዝር በሁለት እጇ ጨበጠችው። 

«ሰፋሁት» አለች አያቷ። «ሕጉ ነው፣ መሰፋት አለበት። ግን መጨረሻ ላይ ልሰፋው ብል እጄ እንቢ አለ። እምብርቱ ላይ ማን ያየዋል ብዬ እዚያ ደበቅኩት።»

«ዐሥር ዓመት አስጠበቅሽኝ!»

«ብቻዬን መጠበቅ አቃተኝ።»

አክስቷ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። አያቷ ግን ድንገት ነቃ አለች፤ እጇን ወደ ገመዱ ዘረጋች፣ ጨርቁን እየዳሰሰች እስከ ጫፉ ሄደች።

«ደግሞ አጭር ነው» አለች። «ስሚኝ፣ ዝም ብዬ አልዋሸሁሽም። ሁለት ጣት ይጎድለዋል። ስንቴ ለክቼዋለሁ! ይኸው ስንዝሬ፣ ይኸው። ሁለት ጣት። አልጨረሰችውም ማለት ነው። ለእኔ አስመስላ ነው እንጂ ልቧ አልቆረጠም። አንቺም ለኪው።»

የአያቷ እጅ ትልቅ ነው፤ ዕድሜ ልኩን መወርወሪያ ሲይዝ የኖረ፣ አካፋ የሚያክል እጅ። ምላጭ ያን እጅ አየችው። ከዚያ የራሷን ትንሽ እጅ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች፣ ጫፍ ለጫፍ።

«ይጎድለዋል አይደል?»

ምላጭ የሚናገረው ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። በሕይወቷ አንድም ቃል ውጣ አታውቅም። ይሄንን ዋጠችው፤ ሲወርድም ቧጠጣት።

«ይጎድለዋል» አለች።

«አላልኩሽም!» አለች አያቷ፣ ትንፋሿን ለቅቃ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ምላጭ ጥቅሉን አራገፈች፣ ጠቀለለች፣ መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ አያቷን ከአግዳሚው አስነስታ በርጩማው ላይ አስቀመጠቻት። ጠዋት ስትሸምነው የነበረው የደንበኛው ጨርቅ አልቆ ነበርና ቆርጣ አወረደችው፤ መሸመኛው ላይ ጥቂት ትርፍ ድር አለ። ተቀመጠች። ወደ ግራ ተንሸራተተች፤ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ፣ መሐሉ ላይ እስክትሆን። እንጨቱ እዚያ ጋ ቀዝቃዛ ነበር። መሬቱ ላይ የቀደሙት ሰዎች እግር የሠራው ጉድጓድ አለ፤ እግሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ እሱ ውስጥ ገባ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለች አክስቷ።

«ስንዝሬን ነዋ። አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው አላልሽም?»

አክስቷ አፏን በእጇ ያዘች። አያቷ ድምፁን ነበር የምታዳምጠው። ምቱ ወደ ቀኝ አያዘነብልም፤ እኩል ይወርዳል። ምላጭ በየምቱ መሐል እናቷን አሰበች። የሆነ ቤት ውስጥ፣ የሆነ መስኮት አጠገብ፣ ልጅ እንዳላት ከማያውቅ ሰው ጋር ምሳ ስታነሳ። ልትጠላት ሞከረች፣ አልመጣላትም። የመጣላት ናፍቆት ነው፤ ያውም ከትናንቱ የባሰ፣ ምክንያቱም የትናንቱ ቢያንስ የሚጠበቅ በር ነበረው። ማጉን ወረወረች፣ መታች። ሳታስበው ደግማ ለስለስ አድርጋ መታች።

ቆመች።

«አላለቀም» አለች አያቷ ወዲያው።

«አላለቀም።»

«ድሩ አነሰሽ?»

«ድሩ አለ። እኔ ነኝ ያቆምኩት። መጥቼ እጨርሰዋለሁ።»

«ሁሉም እንዲያ ይላል።»

«ማን አለ? አንዱም አላለም፣ ሁሉም ጨርሰው ነው የሄዱት። እኔ የመጀመሪያዋ ሰነፍ ነኝ፤ ከወንፊቱ ሰውዬ ቀጥሎ።»

አክስቷ ሳቀች፣ አያቷም ሳትወድ በግድ ሳቀች። «ደግሞ አግዳሚውን ባዶ እንዳታስቀምጪው» አለች ምላጭ። «የቀለም ነካሪዋ ልጅ ሽመና አስተምሩኝ እያለች ስንት ጊዜ መጣች? አስቀምጪያት። መሐል ላይ።»

«እስቲ ምን ያህል ቀርቶሻል?» አያቷ ከበርጩማው ተነሥታ መጣች። «እጅሽን አምጪ። በራስሽ ስንዝር ነው የሚለካው።»

የምላጭን እጅ ያዘች፣ ጣቶቿን ዘረጋች፣ መሸመኛው ላይ ባለው ጨርቅ ላይ አስተኛችው። ጨርቁ ካለቀበት እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ገና አራት ጣት የሚያህል ባዶ ድር ነበር። አያቷ የጎደለውን ለካች፣ «አራት» አለች። ከዚያ ግን እጇን አልለቀቀችም። ከአውራ ጣቱ ጀምራ እስከ ትንሿ ጣት ዳሰሰችው፤ ተመለሰች፣ ደግማ ዳሰሰችው። በዐሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ይሄን እጅ አጥባዋለች፣ መትታዋለች፣ ይዛው መንገድ ተሻግራለች። ለክታው ግን አታውቅም።

«ትንሽ ነው እጅሽ» አለች ቀስ ብላ።

ምላጭ እጇን ልትስብ ሞከረች።

«የእናትሽ እጅ ነው።»

 አያቷ ሞራ የጋረደውን ዓይኗን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ከረጢት አነሳች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የሆነ ነገር የምትለካ ትመስል ነበር። ከዚያ የልጅቱን እጅ ወደ ደረቷ አስጠግታ ያዘችው፣ ጥብቅ አድርጋ። ልጅቱ ይጎድለዋል ያለቻት ለእሷ አዝና እንደሆነ ገብቷታል።

«ነይ እንጂ፣ አውቶቡሱ ጥሎን ሊሄድ ነው!» አለች አክስቷ ከበሩ፣ ሻንጣ ይዛ።

«ሂጂ» አለች አያቷ። እጁን ለቀቀችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ያልተሸመነውን ድር በጣቶቿ አገኘችው፤ አራት ጣት ሙሉ፣ እንደ ጸጉር የላላ። እየደጋገመች ዳበሰችው።

«ያንቺ ግን በእውነት ጎድሏል» አለች።