ለእመቤታችን የተሰጠ ቀብድ

1.

— ጥላውን ማን ይያዘው?
— እኔ!
— አንቺ አትችዪም፣ ይከብድሻል።
— አባዬ፣ አንተ እኔን ትሸከማለህ፣ እኔ ጥላውን እሸከማለሁ።

ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ።

2. ለአንባቢ

«አባዬ» ወንድሜ ድንበሩ ነው፤ መርካቶ የፕላስቲክ ሳፋ በጅምላ ይሸጣል። ጀርባው ላይ ያለችው ልጁ ሉችያ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ የልቧ ቫልቭ ስለታመመ ደረጃ ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ሐኪሞቹ ለመስከረም ኦፕራሲዮን ቀጥረዋታል። መቁጠሪያ እየቆጠረች የምትከተላቸው እናቷ ስርጉት ናት። ከሁሉም ኋላ ዳቦ ተሸክሜ የማለከልከው ደግሞ እኔ ነኝ፣ አክስቷ።

ጤነኛዋ።

3. ጥላው

ቀይ ከፋይ፣ ወርቃማ ዘርፍ። በዑደት ጊዜ ከካህናት በላይ የሚዘረጋው ዓይነት። ድንበሩ «ልጄ ከዳነችልኝ አስገባለሁ» ብሎ ተሳለ። ከዚያ ሳትድን ገዝቶ ይዞት መጣ።

4. ስንመጣ፣ መኪና ውስጥ (በስልኬ የተቀዳ፤ አያውቁም)

ስርጉት፦ ስለት እኮ ሲሰምር ነው የሚገባው።
ድንበሩ፦ ቀብድ ነው።
ስርጉት፦ ምን?
ድንበሩ፦ ቀብድ! ቀብድ የተቀበለ ነጋዴ ዕቃውን ለሌላ አይሰጥም።
ስርጉት፦ በስመ አብ! እመቤታችንን ነጋዴ አልካት?
ድንበሩ፦ ከአፌ ወጣ?
ሉችያ፦ ዕቃው እኔ ነኝ?

(መኪናው ጉድጓድ ገባ። ሁላችንም ጉድጓዱን አመሰገንን።)

5. ቦታው

ጉራጌ አገር፣ ዳገት ላይ ያለች የካቶሊኮች የማርያም ቤተክርስቲያን። የትኛዋ እንደሆነች አልነግራችሁም፤ መኪና ማቆሚያ የላትም። ፍልሰታ የሚፈታበት ቀን ነው፤ ነሐሴ አሥራ ስድስት። ብዙ ሰው በሽተኛውን ይዞ ይመጣል።

6.

ዝናብ።

7. መመሪያ

ዳገት መሃል ዝናብ ከያዘህ፣ መጠለያ ከሌለ፣ በእጅህ ያለው ጥላ ደግሞ ለማርያም የተሳልከው ብቻ ከሆነ፦

ሀ. አትክፈተው።
ለ. የሚስትህን ፊት አትመልከት።
ሐ. ጀርባህ ላይ ያለችው ልጅ ስትስል ስማ።
መ.

8.

«መ»ን የጨረሰችው ሉችያ ናት። ከፈተችው።

— ሉችያ! የእመቤታችን ነው እኮ!
— እማዬ፣ እሷም ልጅ አሳድጋለች።

ሁላችንም ከሥሩ ተጠጋጋን። ስርጉት መቁጠሪያዋን ቀጠለች፤ ሳቋ እየመጣባት ግን የቱ ጋ እንደደረሰች ጠፋት። ከኋላ የሚመጡት ምዕመናን ቀዩን ጥላ ሲያዩ ካህናቱ የወጡ መሰላቸው። ተሰልፈው ተከተሉን። እልልታው ቀለጠ።

ሉችያ እንደ ጳጳስ እጇን አወዛወዘችላቸው።

9. አባ ላእከማርያም፣ ቆሞሱ

— የስለት ነው?
— አዎ አባ።
— ልጅቷ ዳነች?
— ገና ነው።
— ታዲያ?
— ያው... ቀብድ ቢጤ።

አባ ሳቃቸውን ሊውጡት ሞከሩ። አልቻሉም። ሲበቃቸው ሉችያን አጠገባቸው አስቀምጠው ግንባሯንና መዳፎቿን ለሕሙማን የሚቀባውን የቀንዲል ቅብዓት ቀቧት። ከዚያ እርጥቡን ጥላ አጥፈው መለሱ። ለድንበሩ ሳይሆን ለእሷ።

— እመቤታችን ቀብድ አትቀበልም። ለሚመጣው ነሐሴ ራስሽ ይዘሽልኝ ትመጫለሽ።
— ካልመጣሁስ?

10.

 

11.

ያ ባዶ ቦታ የአባ ነው። ቶሎ አልመለሱም፤ ለዚህ ወደድኳቸው።

— ካልመጣሽ እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ። ግን ጉልበቴን ያመኛል። አንቺ ብትመጪ ይሻለኛል።
— እሺ፣ እኔ እመጣለሁ።

ሽማግሌ የምትረዳ መስሏት ተስማማች።

12. ተአምር

አልሆነም። ስንወርድም ከንፈሯ እንደጠቆረ ነው። ግን መኪና ውስጥ ድንበሩ ዘፈነ፣ ስርጉትም አላስቆመችውም፤ ድምፁን ለሚያውቅ ይሄም ቀላል አይደለም። ሉችያ ጥላውን አቅፋ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ የዳቦውን ትርፍ በላሁ። ደስ ብሎን ነበር። ምክንያቱን አትጠይቁኝ።

13. መስከረም

የሆስፒታሉ ጥበቃ፦ ይሄ ምንድን ነው?
ሉችያ፦ ጥላ።
ጥበቃው፦ ክረምቱ ወጣ እኮ፣ የኔ ቆንጆ።
ሉችያ፦ ለነሐሴ ነው።

አስገባት።

አሁን ጥላው ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ውጪ፣ ድንበሩ ጉልበት ላይ ነው። ዘርፉን አንድ በአንድ ይነካካል፤ ስርጉት ከወዲያ በኩል መቁጠሪያዋን። ይህን የምጽፈው በመሃላቸው ተቀምጬ ነው። በሩ ገና አልተከፈተም።

14. የሚመጣው ነሐሴ አሥራ ስድስት (ከአሁኑ የተጻፈ)

ዳገቱ፦ ያው ነው።
ዝናቡ፦ አይቀርም።
አባ፦ በር ላይ ቆመዋል።
ጥላውን የያዘችው፦