ሦስት ጊዜ «ዘርፉ»

በ1922 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ከአዳማ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለችው ባለ ስድስት አልጋ ሐኪም ቤት ሁለት አስታማሚዎች ይሠሩ ነበር። ገሠሠ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ፣ ማወቁንም የማይደብቅ ጎልማሳ ነው። ዘርፉ ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ ቁጣዋ ከደጅ የሚሰማ ሴት ናት።

ፈረንጁ ሐኪም ከጅቡቲ ቀይ የሱፍ ብርድ ልብስ አስመጣና፣ «ከሁለታችሁ ለበሽተኛ አብልጦ የሚራራው ይሸለማል። መራጮቹ በሽተኞቹና ቤተሰቦቻቸው ናቸው» አለ። ችግሩ፣ ሐኪሙ አማርኛም ኦሮምኛም አያውቅም። አስተርጓሚው ገሠሠ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ በረንዳው ላይ ተሰበሰበ። መጀመሪያ የግመል ነጋዴው ጂብሪል ተነሣ።

«ወባ ጥሎኝ ሳለ፣ ኪኒኑን ካልዋጥክ ግመሎችህን እሸጣለሁ ብላ ያዋጠችኝ ዘርፉ ናት። ላቤን እየጠረገች ስትሰድበኝ ዋለች። አላህ ይስጣት!»

ገሠሠ ወደ ሐኪሙ ዞሮ አጠር ያለች ፈረንሳይኛ ተናገረ። ሐኪሙም ገሠሠን በአድናቆት አየው።

ቀጥሎ እግራቸው ቆስሎ ከአርሲ በቃሬዛ የመጡት አዴ መሪማ፣ በልጃቸው በፉፋ ተደግፈው ቆሙ።

«ቁስሌን ያጠበችልኝ ዘርፉ ናት። ገንፎ ያጎረሰችኝም ዘርፉ ናት። ይኼ ፂማም ልጄ አልጋዬ ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ 'እናትህ አልሞተችም፤ ተነሥና ውሃ ቅዳ!' ብላ ልቡን የመለሰችለትም ዘርፉ ናት።»

ገሠሠ ተረጎመ። አሮጊቷ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ዘርፉ በፈረንጅ አፍ ማን ትባላለች?»

«ያው... ዘርፉ ናት፣ እማማ።»

«እኔ ሦስት ጊዜ ዘርፉ ብያለሁ። አንተ አንድ ጊዜም አላልክ!»

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። ሐኪሙ በየአፉ የሚመላለሰውን ስም ለየና ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ፣ «ዘርፉ?» አለ። «ዘርፉ!» አለ ሰዉ ሁሉ። ገሠሠ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ፣ የሁለቱንም ቃል እንደገና ከመጀመሪያው ተረጎመ፤ የግመሎቹን ነገር እንኳ አላስቀረም።

ዘርፉ ብርድ ልብሱን ተቀበለች። ወዲያው ወደ አዴ መሪማ ዞራ ጮኸች፦ «እርስዎን ማን ተነሡ አለዎት? እግርዎ መቼ ሻረና!»

ገሠሠ ሦስት ቀን ሙሉ ሸሻት። በአራተኛው ቀን መድኃኒት ክፍል ውስጥ ያዘችው።

«ስሜ ለምላስ ይከብዳል እንዴ?»

«እኔም እንዲያመሰግኑኝ ተመኝቼ ነው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ዘርፉ ልትቆጣ ጀምራ ተወችው። «መመኘትማ ምን ነውር አለው? ግን እጅህ ይቀዘቅዛል። ቁስል ከመንካትህ በፊት አሙቀው።»

በማግሥቱ የአዴ መሪማን ፋሻ የቀየረው ገሠሠ ነው። አስቀድሞ እጁን ከሰል ላይ አሞቀ። አሮጊቷ ጥርሳቸውን ነክሰው ሕመሙን ሲጠባበቁ፣ አዲሱ ፋሻ ታስሮ አለቀ።

«ነገም አንተው ና» አሉት።