በትሩን ያልያዘ ይብላ

ሙላው የአውቶብስ ሾፌርነቱን የተወው ወዶ አይደለም። የስኳር በሽታው መጀመሪያ እግሩን አደነዘዘበት፤ ፍሬን መርገጡን የሚያውቀው በተሳፋሪው ጩኸት ሆነ። ቀጥሎ ወደ እጁ ጣቶች ወጣ። አንድ ቀን ፍም ላይ ቆሞ፣ «የምን ቆዳ ነው የሚሸተው?» ብሎ ሚስቱን ሙሚናን ጠየቃት። «ያንተው ነዋ!» ብላ ጮኸች። እግሩን እስኪያነሳ እሷ ውሃ ቀድታ ደርሳለች።

ያ ደግ ዘመን ነበር። አሁን ዘመኑ ስልሳ ስድስት ነው፤ የራያ ማሽላ ከነአገዳው ደርቋል፣ ቆቦ በረሃብተኛ ተጥለቅልቃለች። ሙሚና የተገኘውን ቆሎ ሁሉ «አንተ በሽተኛ ነህ፣ ባዶ ሆድ አይስማማህም» እያለች ወደ ሙላው ትገፋለች። የእሷ አጥንት ተቆጠረ፤ የእሱ ቦርጭ ግን ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

እርዳታ ወደሚታደልበት መጠለያ ከከተማ አንድ ባለሙያ መጣ። ሰውየው «ረሃብ በዓይን አይታይም» ባይ ነው። ረሃብ ከሮቢት እስከ ቆቦ መንገድ ዳር ተጋድሞ እያለ፣ በዓይን አይታይም! መለኪያው አንድ በትር ናት። ከፍ አድርጎ ይለቃታል፤ የቀለባት ጠግቧል፣ ያመለጠችው ተርቧል። ክርክር የለም።

ሙሚና ቀረበች። በትሩ ከሰውየው ጣት ገና ሲላቀቅ ቀለበችው። ከሙላው እጅ የሚወድቅ ብርጭቆ ስትቀልብ የኖረች ሴት ምን ታድርግ!

«ጠግባለች» አለ ባለሙያው። «በል አንተ።»

«ኧረ እኔ ሸኚ ነኝ፣ ጌታዬ።»

በትሩ ወደቀ፣ መሬት ነካ፣ ተንከባለለ። የሙላው እጅ የተጨበጠው ከዚያ በኋላ ነው።

«እንዲህ ያለ ረሃብ አይቼ አላውቅም!» አለ ባለሙያው።

«ቦርጩስ?» አለ የመጠለያው ዘበኛ።

«እብጠት ነው።»

ለተራበ የሚሰጠው ስኳር የበዛበት አጥሚት ነው፤ እዚያው ዘበኛ ፊት ይጠጣል፣ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ሙላው «ሐኪም ከልክሎኛል፣ ስኳር ይገድለኛል!» ብሎ ለመነ። «የሚገድልህ ረሃብ ነው» ብለው አስጠጡት። ሙሚና በአጥሩ ቀዳዳ ታየዋለች። በዕድሜው እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

ባለሙያው ድጋሚ የሚፈትነው በሳምንቱ ነበር። ሙላው ቤት ገብቶ ማስተማር ጀመረ። ማማሰያውን ከፍ አድርጎ «ሲወድቅ ተይው» ይላታል፤ ይለቃል፤ ትቀልባለች። ዓይኗን ጨፍና ቀለበችው። እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደብቃ በጉልበቷ ያዘችው። በመጨረሻ ሁለቱም ሳቁ፤ ከሳቁ ቆይተው ነበር።

«እኔን ምሰይ» አላት። «እጅሽ ወሬ ዘግይቶ የሚደርሰው ሩቅ ዘመድ ነው በይ።»

«እሺ አያ፣ እሞክራለሁ» አለችና የቀረችውን ጭብጥ ቆሎ ገፋችለት።

በሳምንቱ አጋማሽ ማማሰያው አመለጣት። ሙላው አጨበጨበ። በማግስቱ ደጋግሞ አመለጣት። ሙላው መምህርነት ሳይሞክር ሾፌርነት ላይ ዕድሜውን በመፍጀቱ ተቆጨ።

የፈተናው ቀን ተሰለፉ። ባለሙያው በትሩን ለቀቀ። ሙሚና ዓይኗን እንኳ አላነሳችም።

«ተርባለች!» ተባለ።

«አበጀሽ ሙሚናዬ! እንዲህ ነው እንጂ!» ሙላው በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። ከዚያ ፊቷን አየ። እያስመሰለች አልነበረም። ሰሞኑን ሲያጨበጭብ የከረመው ለረሃቧ እንደነበር ያኔ ገባው።

ጉልበቷ ሲከዳት እያየ ሊይዛት እጁን አዘዘ። እጁ እስኪሰማው ድረስ ሙሚና በትሩ አጠገብ ወድቃለች።

«አያችሁ?» አለ ባለሙያው በትሩን እያነሳ። «መለኪያው አይሳሳትም።»

አጥሚቱ መጣ። ሙላው በማንኪያ አፏ ውስጥ ጨመረላት፤ በአገጯ ወረደ። ማንኪያውን ጥሎ እጇን በእጁ ውስጥ አስገባና ጠበቀ። ጣቶቹ ምንም አልነገሩትም። ወደ ሰልፉ ዞረ።

«እባካችሁ እዩልኝ» አለ። «እጄን ይዛዋለች?»