ለቁም ሰው የተነፋ ጡሩንባ

ሱሀይር የጎረቤቴ የጀማለዲን ልጅ ናት። በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ትምህርቷን ጨርሳ፣ ከአፍሪካ አገሮች ጋር በልማት የሚተባበር አንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ክፍል ገባች፤ ለሦስት ወር ተለማማጅ። ሥራዋ የወዲያውን ወሬ ወዲህ፣ የወዲሁን ወዲያ ማድረስ ነው። ከሆነላት ትቀጠራለች። ካልሆነላት አባቷ ሶማሌ ተራ ካለው ሱቁ አስገብቶ ብርድ ልብስ ሲያሳጥፋት ሊኖር ነው።

ከጋናና ከጊኒ የመጡ የገበያ ሴቶች ከመርካቶ ሴቶች ጋር ተገናኝተው ስለ ማኅበር አያያዝ መማማር ፈለጉ። አለቃዋ «ስድሳ ሴት አምጪ» አላት። እሷም ወረቀት አሳትማ በየግድግዳው ለጠፈች። በቀኑ የመጣው ሦስት ሴት ነው። አንዷማ ጥላ ፍለጋ ነው የገባችው።

በማግስቱ በርበሬ ወደምሸጥበት መጥታ ጆንያው ላይ ዘፍ አለች።

«እትዬ ታንጉት፣ አለቀልኝ። እንግዶቹ ዓርብ ይሄዳሉ። ያለችኝ ሐሙስ ብቻ ናት።»

«ወረቀቱን ለማን ነው የለጠፍሽው?»

«ለእናንተ ነዋ!»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ወረቀትሽ ግን ጠንካራ ነው፤ ለሦስት ሰው በርበሬ ጠቅልዬበታለሁ።»

ትስቃለች ስል አለቀሰች።

«በይ ተይ! ሰው የሚጠራው በጆሮው ነው። ደመቀን እናስነፋዋለን።»

ደመቀ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ነው። ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ።

«እትዬ፣ ጡሩንባዬ እኮ ለሞተ ነው!»

«ለቆመ ብትነፋ ከንፈርህ ይቆረጣል?»

ከእኔ ጋር ተከራክሮ የረታ የለም።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ከአማኑኤል እስከ ራጉኤል እየዞረ ነፋ። «ዛሬ አራት ሰዓት፣ ራጉኤል አጠገብ ካለው አዳራሽ፣ ሴቶች በሙሉ!» አለ። ለምን እንደሆነም ተናግሯል። ግን ጡሩንባ የሰማ ሰው ከቦታና ከሰዓት ሌላ መች ይሰማል? ይህን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አላሰብኩም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሁሉም ጥቁር ለብሶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ። ከእድራችን ሴቶች ፋጢማ ዳቦ ይዛለች። ውባንቺ ድስት ሙሉ የለቅሶ ንፍሮ ተሸክማ ገና ከደጃፉ «ወይኔ ወንድሜን!» ብላ ለቀቀችው። ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቀችም።

እንግዶቹ ደንግጠው ቆሙ። አለቃው ወደ ሱሀይር ጠጋ ብሎ «የአገሩ የእንግዳ አቀባበል ነው በያቸው» ሲላት ሰማሁ። የልጅቱ ፊት አመድ መስሏል።

«ዛሬ ከዋሸሁ ነገ ማን ያምነኛል?» አለችው። ወደ ፊት ወጥታ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። እኔም ብድግ አልኩ።

«ያስነፋሁት እኔ ነኝ! የሞተ የለም፤ ቁጭ በሉ!»

 ከጋና ከመጡት አንዷ፣ በር የምታክል ሴትዮ፣ ሆዷን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። ውባንቺም እንባዋን እየጠረገች «ያን ሁሉ ለቅሶ በባዶ!» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሴትዮዋ ጠየቀች፤ ሱሀይር ተረጎመች። «በአንድ ጠዋት ይህን ሁሉ ሰው ማን ሰበሰበው? ንፍሮውንስ ማን አዘዘ?»

«ማን ያዘናል? እድር ነው» አለች ከመሀላችን ሰአዳ።

«እኛ ማኅበር እንዴት እንደሚያዝ ልናሳያችሁ ነበር የመጣነው» አለች ሴትዮዋ። «በሉ እናንተ ንገሩን።»

ንፍሮውን እየዘገንን እስከ ሰባት ሰዓት ተጫወትን። እነሱም የየገበያቸውን ወግ አመጡ፤ ሀዘን ሲደርስ እንዴት እንደሚጠራሩ፣ ሱቅ የተቃጠለባትን እንዴት እንደሚያቋቁሙ። ስትሄድ የጋናዋ አለቃውን «የምናነበውን ይህች ልጅ ትጻፍልን» አለችው።

ሱሀይር በወሩ ተቀጠረች። መጀመሪያ ጽፋ ለአፍሪካ አገሮች የላከችው ስለ እድራችን ነው። ጀማለዲን ብርድ ልብሱን ራሱ ያጥፍ።

ደመቀ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ይነፋል፤ ለሞተ ረጅም፣ ለቆመ ሦስት አጭር። የመጀመሪያዋን ሦስት አጭር የነፋት ሱሀይር የተቀጠረች ዕለት ነው። ሰው ነጭ ለብሶ መጣ። ውባንቺ ግን አላመነችም፤ ንፍሮዋን ይዛ ነው የመጣችው።