የዋይፋይ ሽማግሌዎች

ናሆም ከኦንላይን የሥራ ፈተናው ግማሹን እንዳለፈ የኮምፒውተሩ ስክሪን ደርቆ ቀረ።

"ሐረግ፣ ቆመ" አለ።

ሐረገወይን ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አድርጋ አየችው። ኢንተርኔቱ የሚመጣው ከእሷ ስልክ ነበር፤ የወሩ ዳታ ተሟጦ አልቋል። ዳታ ከሰማይ የሚወርድ ይመስል በጓሮ በር ወጥታ ስልኩን ወደ ላይ ዘረጋችው። ምንም አልወረደም። ስትመለስ ስክሪኑ ላይ ሰዓትህ አልቋል የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ናሆም ያነበዋል።

ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ከልደቱ ጀምሮ ጡንቻዎቹ አይታዘዙትም፤ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው፤ ሲናገርም ቃላቱ ቀስ ብለው ስለሚወጡ ያልለመደው ሰው አይሰማውም። ሲጽፍ ግን ማንም ይሰማዋል። ለዚህም ነው ለዚህ ሥራ ያመለከተው፤ አንድ የቤት ዕቃ መደብር ከቤታቸው ሆነው የደንበኞችን ጥያቄ በጽሑፍ የሚመልሱ ሰዎች ይፈልጋል። በሕይወቱ የመጀመሪያው ሥራ ሊሆን ነው።

የመደብሩ ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ለሐረገወይን ደወለች። እስከ ተቋረጠበት ድረስ የመለሰው ጥሩ ነው፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ እየሠራ ልናየው እንችላለን አለች፤ የማይቋረጥ ኢንተርኔት ቤቱ ከሌለ ግን ቦታው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል።

የሚያናድደው ኢንተርኔቱ ቤቱ ውስጥ መኖሩ ነው። ቤቱ አትላንታ አጠገብ ታከር በምትባል ከተማ ውስጥ ያለ፣ ድጋፍ የሚፈልጉ ሰዎች ተከራይተው የሚኖሩበት ቤት ነው። ነዋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ናሆምና ሚስተር ከርቲስ የሚባሉ፣ ማንበብ የማይችሉ፣ ባርኔጣና ከዘራ የማይለያቸው ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት። ሐረገወይን ታበስላለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ትነዳለች። ዋይፋዩ ግን ለሪፖርት መጻፊያ ተብሎ ቢሮ ውስጥ ተቆልፏል። ፓስዎርዱን የሚያውቁት አሠሪዋ አቶ መክብብ ብቻ ናቸው። እንዲህ ያሉ ሦስት ቤቶች አሏቸው። ደወለችላቸው።

"ጋሼ መክብብ፣ ናሆም ሥራ ሊያገኝ ነው።"

"እሰይ። እና ምን ልርዳ?"

"የቢሮውን ፓስዎርድ ቢሰጡን።"



"ስሚ ሐረገወይን። የስቴቱ መንግሥት የሚከፍለኝ ለእንክብካቤ ነው፤ ለኢንተርኔት ሳንቲም አይከፍለኝም። ደግሞ ብሩክሄቨን ባለው ቤቴ የሚኖረው ክላየንት ኢንተርኔት ላይ ባገኛት ሴት ሲታለል የስቴቱ ኢንስፔክተር መጥታ ያፋጠጠችው እኔን ነው። ለአንዱ ከፈቀድኩ ለሁሉም ነው። አይሆንም።"

ስልኩ ተዘጋ። ሐረገወይን የሰማችውን ሳትቀባባ ለናሆም ነገረችው። እሱ አልተቆጣም። ሲያስብ እንደሚያደርገው ጣሪያውን አየ።

"መክብብ እምቢ የማይለው ማንን ነው?" አለ።

"ሚስቱን" አለች ሐረገወይን። "ከሚስቱ ቀጥሎ ሽማግሌ።"

"በይ ሽማግሌ ላኪልኝ።"

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እህቱ ስታገባ ሽማግሌ ሲላክ አይቷል፤ አባቱ መጀመሪያ ፊታቸውን አጥቁረው ነበር፣ ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም ብለው ሲቆሙ ለስልሰዋል። ጥሩ አሠራር ነው፣ ለምን ለሚስት ብቻ ይሆናል አለ። 

በዚያው ምሽት ሐረገወይን ጋሽ ሙላው ጋ ደወለች። ጋሽ ሙላው አትላንታ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ባልና ሚስት ከተጣላ፣ ማኅበር ለሁለት ከተከፈለ፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

"ለሚስት ተልኬያለሁ" አሉ ከሰሟት በኋላ። "ለተጋጨ መኪናም ተልኬያለሁ። ለዋይፋይ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። ደግሞ ብቻውን የሚሄድ ሽማግሌ የለም፤ ጓደኛ ፈልጊልኝ።"

ሚስተር ከርቲስ ሳሎን ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። አማርኛ አያውቁም፤ ሐረገወይን ነገሩን በእንግሊዝኛ ስታስረዳቸው ግን ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

"ሽማግሌ ነው የምትፈልጉት?" አሉ። "እዚህ ቤት ከእኔ የሚበልጥ ማን አለ?"

በዕድሜ ጋሽ ሙላውንም ይበልጣሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። የቀረው ናሆም ነበር፤ እሱም እሄዳለሁ አለ። ጋሽ ሙላው በስልክ ሲሰሙ ደነገጡ፤ ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር ሄዶ አያውቅም፣ ነውር ነው አሉ።

"ስለ እኔ ሲወራ የኖረው እኔ በሌለሁበት ነው" አለ ናሆም። "ዶክተሩም፣ ስቴቱም፣ መክብብም። ይህን እንኳ ልስማው።"

ጋሽ ሙላው "ይምጣ" አሉ።

ከዚያ ወጉን ጠብቀው አቶ መክብብ ጋ ደወሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ጉዳይ ልንመጣ ነበር፣ ቤት ትኖራላችሁ ወይ አሉ። ጉዳዩን ግን አልተናገሩም፤ ሽማግሌ ጉዳዩን በስልክ አይናገርም። አቶ መክብብ ደግሞ ሔለን የምትባል ለአቅመ ሔዋን የደረሰች አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሰሞኑንም አንድ ልጅ በመኪና ሲያደርሳት ታይቷል። ይህን ከሽማግሌዎቹ አንዳቸውም አያውቁም ነበር።

እሑድ ሐረገወይን ሁሉንም በቤቱ ቫን ጭና ስቶን ማውንቴን ወደሚባለው ሰፈር ነድታ አቶ መክብብ ደጃፍ ፓርክ አደረገች። ናሆም ክራቫት አስሯል። ጋሽ ሙላው መንገዱን ሙሉ ለሚስተር ከርቲስ በታክሲ ነጂ እንግሊዝኛ አንድ ነገር ሲያስጠኗቸው ነበር፤ ሰውየው እሺ ሳይል እንዳትቀመጥ።

በሩ ገና ሳያንኳኩ ተከፈተ። አቶ መክብብ በገዛ ቤታቸው ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትዕግስት አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል። ከኋላቸው ጠረጴዛው ዶሮ ወጡን፣ ክትፎውን፣ ጠጁን ተሸክሞ ተንጣሏል። ሐረገወይን ለዋይፋይ ይህ ሁሉ ምንድን ነው ብላ ተገረመች።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ አቶ መክብብ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ሙላው ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ቤታችሁ የተከበረ ቤት ነው። ልጃችን ናሆም በእናንተ እጅ ያለ አንድ ነገር ልቡ ከጅሏል። በክብር እንድትሰጡት ልንለምናችሁ ነው የመጣነው።"

አቶ መክብብ ናሆምን አዩት። ክራቫቱን አዩት። ቀጥለው ወደ ፎቁ ቀና አሉ።

"ልጅቷ ይህን ታውቃለች?" አሉ ድምፃቸው ቀጥኖ።

"የቷ ልጅ?" አሉ ጋሽ ሙላው።

ሐረገወይን ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ናሆም ግን ከሁሉም ቀድሞ ገብቶት ኖሮ ፊቱ በሳቅ ተጥለቅልቋል።

"ሔለን ቆንጆ ናት" አለ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል። "ግን እኔ የመጣሁት ለዋይፋይ ነው።"

ከደረጃው ላይ ሳቅ ፈነዳ። ሔለን እዚያ ተቀምጣ ስትሰማ ነበር። ወይዘሮ ትዕግስት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አቶ መክብብ ግን ቀልተው ወደ ሐረገወይን ዞሩ።

"ስልክ ላይ መልሼልሽ አልነበረም?"

ሥራዋን የምታጣ መሰላት። ቢሆንም አንገቷን አልደፋችም። "መልሰውልኛል፣ ጋሼ። የመለሱት ግን ለእኔ ነው። ናሆም ገና አልጠየቀዎትም።"

ናሆም ዊልቸሩን አንድ ክንድ ወደ ፊት አስጠጋ።

"ኪራይ እከፍልሃለሁ?" አለ።

"ትከፍላለህ።"

"መብራት ውስጡ አለ? ውሃ?"

"አለ።"

"መብራት ይዞኝ እንዳይገድለኝ ብለህ አጥፍተህብኝ ታውቃለህ?"

አቶ መክብብ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የፈሩ ሰው ናቸው። ስለ ብሩክሄቨኑ ነዋሪ መታለል፣ ስለ ኢንስፔክተሯ፣ ፈቃዳቸውን ቢነጠቁ ሦስት ቤት ሰው የት እንደሚገባ አወሩ። ጋሽ ሙላው እስኪጨርሱ ጠበቁ።

"እኔንም አምና ሎተሪ ወጣልህ ብለው በስልክ በሉኝ" አሉ። "ልጆቼ ሰደቡኝ። ስልኬን ግን አልቀሙኝም።"

አቶ መክብብ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "እሺ፣ እስቲ ላስብበት። አሁን ተቀመጡና ብሉ።"

ጋሽ ሙላው ጉልበታቸውን አሻሹ፣ ዶሮ ወጡን አዩ፣ ቁጭ አሉ። ላስብበት ማለትም አንድ መልስ ነው አሉ። ሐረገወይን ተስፋ ቆረጠች፤ የአቶ መክብብ ላስብበት የስንት ወር መንገድ እንደሆነ ታውቀዋለች፣ ሰኞ ደግሞ ነገ ነው።

ሚስተር ከርቲስ ግን እንደቆሙ ናቸው።

"ሰውየው ለምን አይቀመጡም?" አሉ ወይዘሮ ትዕግስት።

ሐረገወይን ጠየቀቻቸው።

"እሺ ብሏል?" አሉ ሚስተር ከርቲስ።

"አላለም። አስብበታለሁ ነው ያለው።"

"እንግዲያው እቆማለሁ።"

ወይዘሮ ትዕግስት ምግብ አቅርበው ሰጧቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው አመሰገኑ፣ ሳህኑን አልነኩትም። ወንበር ተሳበላቸው፤ ወንበሩንም አመሰገኑ። የከዘራቸው ጫፍ ምንጣፉ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማንም ሊጎርስ አልቻለም፤ ጋሽ ሙላው እንኳ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አኖሩትና አፍረው ተነሡ።

"መክብብ" አሉ ወይዘሮ ትዕግስት። "ሰውየው ቆመዋል።"

"አየሁ።"

"ሽማግሌ ከቤቴ ሳይቀመጥ፣ እህል ሳይቀምስ ሊወጣ ነው?"

ሔለን ከደረጃው ወረደች። "አባዬ፣ ራውተሩ እኮ ለእንግዳ የሚሆን ሌላ መስመር አለው። የኦፊሱን ፋይል አይነካም። እዚሁ ሆኜ በስልኬ ላዘጋጀው እችላለሁ።"

አቶ መክብብ ሚስታቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዘራው ላይ የተደገፉትን አዛውንት አዩ። ከዚያ ራሳቸው ላይ መሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

"እሺ" አሉ። "እሺ ብያለሁ።"

"እሺ ብሏል" አለች ሐረገወይን።

ሚስተር ከርቲስ አሁንም አልተቀመጡም። በዕድሜያቸው ከብዙ አከራይና ከብዙ ቢሮ ቃል ብቻ ሆኖ የቀረ ብዙ እሺ ሰምተዋል።

"የሚከፍለው ማን ነው?" አሉ።

አቶ መክብብ ይህን ራሳቸው በእንግሊዝኛ መለሱ። "ቤቱ ነው የሚከፍለው። እንደ መብራቱ። በሦስቱም ቤት።"

ሚስተር ከርቲስ ወደ ናሆም ዞረው ይበቃሃል ወይ እንደማለት ቅንድባቸውን አነሡ። ናሆም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ያን ጊዜ ቀስ ብለው ተቀመጡና ሳህኑን ጭናቸው ላይ ሳቡት። ወይዘሮ ትዕግስት ለልጃቸው ያዘጋጁት እልልታ እንዳይባክን ብለው እልል አሉ። ሐረገወይን አለቀሰችም ሳቀችም፤ እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቷት አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ናሆም ክፍሉ ገብቶ በሩን ዝጊልኝ አላት። ሁልጊዜ ንግግሩን ለሌላ ሰው እየተረጎመች ከጎኑ ነበረች፤ ዛሬ የሚተረጎም የለም። ወጥ ቤት ሆና አትክልት ስትከትፍ የመተየቢያው ድምፅ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቋረጥ ይሰማት ነበር።

ስልኳ ጮኸ። አቶ መክብብ ናቸው።

"እንዴት ሆነ? ሠራለት?"

"ሠራለት፣ ጋሼ።"

"በይ አገናኚኝ፣ እንኳን ደስ ያለህ ልበለው።"

እጇን በፎጣ አድርቃ፣ ስልኩን ይዛ እስከ ናሆም በር ሄደች። አሠሪዋ ሲደውሉ የማንኛውም ነዋሪ በር ተከፍቶ ይሰጣል፤ እስከ ዛሬ እንዲያ ነው የኖረችው። የበሩን እጀታ ያዘች። ከዚያ ለቀቀችው።

"ሥራ ላይ ነው፣ ጋሼ መክብብ" አለች። "ለምሳ ሲወጣ ይደውልልዎታል።"