የማያውስ አይዋስም

ሆሳዕና ውስጥ ሌንስ ያጣ ፎቶ አንሺ ጎረቤቱን ይጠራል። በተለይ በጥር፣ ሠርግ በሠርግ ላይ በሚደራረብበት ቅዳሜ፣ አንዱ ስቱዲዮ የተረፈውን ለሌላው ያውሳል፤ ዕቃው ሰኞ ይመለሳል። ነገሩ እንደ ድስትና እንደ ድንኳን ውሰት ነው። ለዚህም ሲሉ የከተማው ፎቶ አንሺዎች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ የሚገዙት የካኖን ካሜራ ብቻ ነው። የአንዱ ሌንስ በሌላው ካሜራ ላይ እንዲገባ ነው። ደንቡን የጻፈው የለም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል፦ የማያውስ አይዋስም።

ከዚህ ደንብ ውጭ የቀረችው ነኢማ ብቻ ነበረች። አባቷ መሐመድአሚን በፊልም ዘመን የገዛቸው ሦስት የኒኮን ሌንሶች አሉ። ጥቁር ቀለማቸው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተልጦ ነጭ ብረቱ ወጥቷል፤ መስታወታቸው ግን አንድ ጭረት የለበትም። አባቷ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቁንም ሌንሶቹንም ለእሷ ተወላት። እሷም ለሌንሶቹ ብላ ያገለገለ የኒኮን ካሜራ ገዛች።

ያን ጊዜ የከተማው አንጋፋ ፎቶ አንሺ አቶ ሀብቴ ሱቋ ድረስ መጥተው መክረዋት ነበር።

"ካኖን ግዢ፣ ልጄ። ሌንስ ብቻውን አይኖርም፤ እንደ ሰው ዘመድ ይፈልጋል።"

"እኔ አለሁለት፣ ጋሼ።"

አቶ ሀብቴ አልተቀየሟትም። እንዲያውም ሕዝቅኤል፣ ከእሳቸው አጠገብ ስቱዲዮ ያለው ቀልደኛ፣ የካኖን ሌንስ በኒኮን ካሜራ ላይ የሚያስገጥም ቀለበት ከአዲስ አበባ ሲያመጣ፣ ነኢማን አስጠርተው በሁሉም ፊት አስሞከሩት። ሌንሱ ገባ፣ ጠቅ ብሎም ያዘ። ነኢማ በበሩ አሻግራ ስታይ ግን መንገዱ በሙሉ ጉም የለበሰ መሰለ። ምስሉን የሚያጠራውን የሌንሱን ማጥሪያ እስከ መጨረሻው አዞረች፤ ባጃጆቹ ሰማያዊ እድፍ እንደሆኑ ቀሩ። ጥርት ብሎ የታያት አንድ ክንድ እንኳ የማይርቃት የሕዝቅኤል አፍንጫ ብቻ ነበር።

"እንግዲህ አፍንጫ ብቻ የምታነሳ ባለሙያ አገኘን" አለ ሕዝቅኤል።

ሳቁ። አቶ ሀብቴም ፈረዱ፦ "አይገጥሙም። የእኛ ለእሷ፣ የእሷም ለእኛ አይሆንም።"

ነኢማ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ "ይሁን። የማንንም አልፈልግም" ብላ ወጣች።

ቃሉን ተናግራው ወጣች እንጂ ነገሩ አልለቀቃትም። የገባ ሌንስ ለምን አያይም? በካሜራዋ ራስ ላይ፣ ምስሉ የሚያርፍበት ሴንሰር በውስጥ በኩል የት ላይ እንዳለ የሚያመለክት፣ መስመር ያቋረጠው ትንሽ ክብ አለ። ከጎረቤት ቶርኖ ቤት ካሊፐር የሚባለውን ስስ መለኪያ አስመጥታ ከዚያ ምልክት ሌንሱ እስከሚገጥምበት አፍ ያለውን ለካች። ደግማ ለካች። ኢንተርኔት ላይ ከተጻፈው ጋር ስታስተያየው አንድ ሆነ። ስለዚህ እዚያው የተጻፈውን የካኖኑን ልክም አመነችው፦ የእሷ ካሜራ ከእነሱ በሁለት ሚሊሜትር ተኩል ይጠልቃል።

የነገሩ ቋጠሮ እዚያ ላይ ነበር። የእነሱ ሌንስ የተሠራው ለሴንሰሩ ቀረብ ብሎ እንዲቆም ነው። በእሷ ካሜራ ላይ ሲቀመጥ የግድ ይርቃል፤ ያለቦታው የራቀ ሌንስ ደግሞ አፍንጫው ሥር ያለውን እንጂ ማዶውን አያይም። የእሷ ሌንስ ግን ራቅ ብሎ መቆም የለመደ ነው። በእነሱ ካሜራ ላይ ቢቀመጥ ይቀርባል፣ የጎደለውንም ክፍተት አንድ ስስ ቀለበት ይሞላዋል። ለዚህ የሚሆነው ቀለበት ሌላ ዓይነት ነው። መርካቶ ባለችው አክስቷ በኩል አስገዛችው። ሲመጣ ከነፕላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ለመሞከር የካኖን ካሜራ መለመን ሊኖርባት ነው፣ እሷ ደግሞ የማንንም አልፈልግም ብላለች።

ቀለበቱ መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ጥር ገባ። አንድ ሐሙስ የጉርድ ፎቶ ስታነሳ ካሜራዋ ያልተለመደ ድምፅ አሰማ። ሌንሱን ፈታ ስታይ፣ በውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው ስስ መጋረጃ ተጨራምቶ ተንጠልጥሏል። ይህን የሚጠግን ሆሳዕና ውስጥ የለም፤ አዲስ አበባ ቢላክም በሁለት ቀን አይመለስም። ቅዳሜ ጊምቢቹ ላይ የአቢጋኤል ሠርግ ነው። እሷና ነኢማ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ላይ የተማሩ ናቸው፤ አቢጋኤል ገና ሳትታጭ፣ "እኔን የምታነሺኝ አንቺ ነሽ" ያለቻት ያኔ ነው።

"ሂጂና ጠይቂያቸው" አለ አባቷ ከወንበሩ ሳይነሳ።

"የማያውስ አይዋስም፣ አባ።"

"ሦስት ሌንስ ይዘሽ የማታውሺው ምን ሆነሽ ነው?"

"አይገጥሙም ብለው ፈርደዋላ።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

ነኢማ መሳቢያውን ሳበች።

አቶ ሀብቴ ስቱዲዮ ስትደርስ ሕዝቅኤል፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ሥር ተቀምጦ የፍላሽ ባትሪ እየቀያየረ ነበር።

"ጋሼ፣ ካሜራዬ ተሰብሯል። ቅዳሜ ጊምቢቹ ሠርግ አለብኝ።"

"አይ ነኢማዬ! በዚህ ሰሞን?" አሉ አቶ ሀብቴ። "ሌንስ እኮ አንድም አልቀረኝ። አንዱ ዱራሜ ሄዷል፣ አንዱን ይኸው ሕዝቅኤል ይዞታል። ያለኝ ሌንሱ ወድቆ የተሰበረበት ካሜራ ነው፤ ባዶውን ምን ይሠራልሻል?"

"ባዶውን ነው የፈለግሁት።"

ሕዝቅኤል ቀና አለ። "ደግሞ አፍንጫ ልታነሺ?"

"አንተ ዞር በልልኝ እንጂ ዛሬ ማዶውን ነው የማየው።"

"ሞክረነው የለም እንዴ?" አሉ አቶ ሀብቴ።

"የሞከርነው የእናንተን በእኔ ላይ ነው፣ ጋሼ። የእኔን በእናንተ ላይ ማን ሞከረ?"

አቶ ሀብቴ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

"ማንም" አሉ። "በግማሹ ነው የፈረድነው።"

ባዶውን ካሜራ ከመደርደሪያ አወረዱ። ቀለበቱን ራሳቸው አስገቡ፤ ሌንሱን ቀለበቱ ላይ ሊያስሩ ሲሉ ግን በለመደ እጃቸው አዞሩትና እንቢ አላቸው።

"በተቃራኒው ነው፣ ጋሼ።"

"ይሄም በተቃራኒው?"

ጠቅ አለ። አቶ ሀብቴ የካሜራውን ስክሪን ተመለከቱ። "ሌንስ የለም ይላል እኮ።"

"እሱ አይወቅ፤ እኛ እናውቃለን። ብርሃኑንም ማጥሪያውንም በእጅ ነው።"

በሩ ላይ ቆመው ወደ መናኸሪያው ማዶ፣ ወደ ስልክ ማማው አነጣጠሩ። እጃቸው ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ አለ፣ ከዚያ ቆመ። ነኢማ እጆቿን ከኋላዋ አቆላልፋ ጀርባቸውን ታያለች። ልኬቱ ልክ ነው፣ ደግማ ለክታዋለች።

"ቁራ አለ" አሉ አቶ ሀብቴ።

"የት?" አለ ሕዝቅኤል።

"ማማው ጫፍ ላይ። ክንፉን እየፈለፈለ ነው።"

ሕዝቅኤል ካሜራውን ተቀብሎ አየ። ከዚያ፣ "ቆይ እንጂ፣ እሷ ሌንስ ልታውሰን ትችላለች፤ እኛ ግን ለእሷ ሌንስ ማዋስ አንችልም። ይሄ እንዴት ያለ ውሰት ነው?" አለ።

"ሌንስ ማን ጠየቀህ?" አሉ አቶ ሀብቴ። "ያጣችው ካሜራ፣ የምትዋሰው ካሜራ።" ወደ ነኢማ ዞሩ። "ካሜራው ሌንስ እስኪገዛለት አንቺ ጋ ይቀመጥ። እኔ ጋ አቧራ ነው የሚጠጣው።"

ቅዳሜ ጊምቢቹ ላይ ካሜራው ባዕድ ነበር፤ ቁልፎቹ ጣቷ ያልለመዳቸው ቦታ ነበሩ። ግራ እጇ የያዘው ሌንስ ግን የአባቷ ነው፣ መንገዱን ያውቃል። መዘምራኑ ግቢውን ሞልተው ሲዘምሩ የኋለኛው ረድፍ ሳይቀር ጠራላት። አቢጋኤል ከቤት ስትወጣ ሁሉም ወደ ሙሽራዋ ተጋፋ። ነኢማ ማጥሪያውን ወደ ማዶ ስታዞር፣ ከእንሰቱ ዳር ብቻውን የቆመ ሰው በካሜራው መስኮት ውስጥ ጥርት እያለ መጣ። የሙሽራዋ አባት ነው። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ መቅረብ አቅቶት፣ ልጁን ከሩቅ ያያል። ነኢማ ቁልፉን ተጫነችው።

ፎቶውን ያየች ቀን አቢጋኤል ደጋግማ አየችው። "ወንድሞቼ አባታችን ከብት ሊያስገባ ሄዶ ነው ብለውኝ ነበር" አለች።

በሳምንቱ ቅዳሜ የነኢማ ስልክ ጮኸ። ሕዝቅኤል ነው፤ ትልቁን ሌንስ ከነቀለበቱ ተውሶ ሀደሮ ሠርግ ሄዷል። ከኋላው ጭብጨባ ይሰማል።

"ነኢማ፣ ይሄ ሌንስሽ ማጥሪያውም በተቃራኒው ነው የሚዞረው። አጠራለሁ ስል አደበዝዘዋለሁ። ሙሽሪት አለፈችብኝ!"

"ተመልሳ ትወጣለች፤ አትቸኩል።"

"ሰውዬው ምን ነክቶት ነው እንዲህ አድርጎ የሠራው?"

"እሱም ስለ አንተ እንደዚያ ይላል።"

ስልኩን ስትዘጋ አባቷ ከወንበሩ ቀና ብሎ ያያታል።

"ምን ሆነ ይላል?"

"ማጥሪያው እንቢ አለኝ ነው የሚለው።"

"በመዳፉ ጨብጦት ይሆናል። በሁለት ጣት ነው በይው" አለና፣ የሚንቀጠቀጥ እጁን አንስቶ ሌንስ እንደያዘ ሰው አየሩ ላይ ቀስ አድርጎ አዞረው፤ ካቆመበትም ትንሽ ወደ ኋላ መለሰው።