ከውጭ የሚቆለፍ ድንኳን

እስቲ መልሱልኝ፤ ከውስጥ የሚቆለፍ ኮት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አላያችሁም። የልብስ ቁልፍ በውጭ በኩል እንደሚሰፋ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ታዲያ ዕድሜውን ሙሉ ኮት ሲሰፋ የኖረ ሰው ድንኳን ስፋ ቢባል ቁልፉን የት እንዲያደርገው ጠብቃችሁ ነበር? በልብስ ሰፊው ላይ ጥርሱን የገለጠ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ይመልስ፤ ከዚያ በኋላ እንዳሻው ይሳቅ።

ነገሩ የተጀመረው በእህቱ ሳሎን ውስጥ ነው። የእህቱ ልጅ ልታገባ ነበር። ልብስ ሰፊው ለዚህች ልጅ ያልሰፋላት ነገር የለም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን የሰፋው እሱ፣ የተመረቀችበትን ቀሚስ የሰፋው እሱ፣ ዛፍ ላይ ወጥታ የቀደደችውን ሱሪ እናቷ ሳታይ የጣፈላትም እሱ ነው። የሠርግ ቀሚሷን ሌላ ሰው ይሠራዋል ብሎ በሕልሙም አስቦ አያውቅም። አባቷ ግን አስቦበት ነበር። አባቷ ባለ ፋርማሲ ነው። ከጥርስ ቡርሽ እስከ ሶፋ ቤቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ከካታሎግ መርጦ ስለሚያስመጣ፣ ልብስ ሰፊው «አቶ ካታሎግ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ስሙም ተጣብቆበት ቀርቷል።

አቶ ካታሎግ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የመረጠውን ቀሚስ በጣቱ አሳየ። በጀርባው ከአንገት እስከ ወገብ ትንንሽ ቁልፎች እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተደርድረዋል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሰው እጅ አይችለውም፣ ማሽን ብቻ ነው የሚችለው ሲል፣ ልብስ ሰፊው የያዘው ሻይ ትን አለው። የቁልፍ ቀዳዳ በእጁ ሲቋጭ ለጎለመሰ ሰው ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት አይደለም? ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተጨቃጨቁ። አንደኛው የእጅ ሥራ ዘመኑ አልፏል ይላል፤ ሌላው የፋብሪካ ልብስ ባለቤቱን ሳያውቅ የተሰፋ ወላጅ አልባ ነው ይላል። እህትየው ጭንቅላቷን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

የገላገለቻቸው ሙሽሪት ናት። ይህች ልጅ እግሯ ቤት አይጠጋም፤ በዕረፍት ቀኗ ሻንጣዋን አዝላ ዱር ለዱር ትዞራለች። ከሠርጓ በፊት ሰው ወደሌለበት ደሴት ሄዳ አንድ ሌሊት ለማደር አስባ ነበር።

«ሁለታችሁም ኑ» አለቻቸው። «አባዬ የተገዛ ድንኳን ያምጣ፤ አጎቴ የተሰፋ። ደረቄን ያሳደረኝ ሰው ቀሚሱን ይምረጥልኝ።»

ምናልባት ቀልዷን ይሆናል። ሁለቱ ግን ነገሩን እንደ መሐላ ያዙት።

ልብስ ሰፊው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሥራ አልነካም። ወፍራም ሸራ ገዝቶ በሰም ነከረው፤ ሰፈሩ ሻማ ሻማ ሸተተ። ልክ ሳይወሰድ የሚሰፋ ነገር የለም ብሎ ባለቤቱን ወለሉ ላይ አስተኛትና ቁመቷን፣ የትከሻዋን ስፋት፣ ስትገላበጥ የሚበቃትን ሁሉ በሜትር ለካ። በመስታወቱ በኩል አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። ባለቤቱ ጣሪያውን እያየች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለሬሳ ሣጥን የምትለካኝ መስሏቸው እኮ ሊያለቅሱ ነው» አለችው። እሱ ግን ትንፋሽሽን አትያዢ፣ እንደ ወትሮሽ ተኚ ብሎ መለካቱን ቀጠለ። ምናልባት የሚያድሩበት ሰዎች ወፈር ካሉ ብሎም ከየስፌቱ ትርፍ አስቀረ።

የሠራውን ያየ ሰው አፉን ይዞ ነው የሚቀረው። ድንኳኑ የሐር ገበር ነበረው። ምሰሶው የሚወጣበት ቦታ ላይ ጠንካራ ኮሌታ ቆሞለታል። በውስጥ በኩል ኪሶች፣ በውጭ በኩል ደግሞ አንድ የደረት ኪስ አለው፤ ያቺ የደረት ኪስ ለምን እንደምትጠቅም ማንም አልጠየቀም፣ እሱም አልተናገረም። ዚፕ አድርግበት ያለውን ሰው ዚፕ የሰነፍ ስፌት ነው ብሎ ከሱቁ አስወጣው። በሩ ላይ ከላይ እስከ ታች ትልልቅ ቁልፎች ደረደረ፤ በእርግጥም በውጭ በኩል፣ ኮት ላይ እንደሚደረገው። ድንኳኑን አንድም ጊዜ አቁሞት አላየም። ጠረጴዛው ላይ ተጣጥፎ ተሠራ፣ ተጣጥፎም ተጫነ።

ወደቡ ላይ ባለ ጀልባው ጭነቱን ሲቀበል ኮሌታውን አየ፣ ገበሩን ዳሰሰ፣ ቁልፎቹን ቆጠረ። ከዚያም አራቱን ሰዎች፣ ልብስ ሰፊውን ከነባለቤቱ፣ ሙሽሪትን ከነአባቷ፣ አንድ በአንድ ተመለከተና፣ «ልብሱስ ይኸው፤ ለባሹ ሰውዬ ቀርቶ ነው?» ሲል በትሕትና ጠየቀ። አቶ ካታሎግ በሳቅ ጀልባዋን ሊገለብጣት ነበር።

ደሴቷ ላይ ሰውም ቤትም የለም። ድንጋይ አለ፣ ወገብ የሚደርስ ሣር አለ፣ አጎንብሰው የቀሩ ዛፎች አሉ። ባለ ጀልባው በነጋታው ጧት እመጣለሁ ብሎ ሞተሩን እያስጓራ ሄደ። አራቱ ሻንጣቸውን ተሸክመው በቁጥቋጦው መሀል ሲቧጨሩ ቆይተው ከባሕሩ ዳር ከፍ ያለ ሜዳ አገኙ።

አቶ ካታሎግ ከከረጢቱ አንድ ክብ ነገር አውጥቶ ወደ ላይ ወረወረው። ነገርየው አየር ላይ እንዳለ ተፈናጥሮ ሙሉ ድንኳን ሆኖ መሬት አረፈ። ሰውየው እጁን አራግፎ ተቀመጠና ሻይ ቀዳ። ልብስ ሰፊው ካስማውን በድንጋይ እየመታ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎ አጉረመረመ። ላቡ ጠብ እስኪል ለፍቶ ሲጨርስ ግን ድንኳኑ ትከሻው የሞላ፣ አንገቱ የቀና፣ ለግብዣ የለበሰ ሽማግሌ መስሎ ቆመ። ሙሽሪት አጨበጨበች። ባለቤቱም ደስ ብሏት ገባች። እሱ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆለፈ፤ ጥቂት ወደ ኋላ ሸሽቶም የእጁን ሥራ ቆሞ አደነቀ።

ከውስጥ የባለቤቱ ድምፅ መጣ። «እሺ፤ አሁን እኔ በየት ልውጣ?»

ልብስ ሰፊው ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ቆጠረ።

«ደግሞስ አንተ ስትገባ ማን ይቆልፍልሃል?»

ውሃ ሆነ። እነዚያን ቁልፎች ሁሉ ሲሰፋ ያልታየው ነገር አሁን እንደ ፀሐይ ፍንትው አለለት። ሰው ኮት ሲለብስ እጁ ውጭ ነው፤ ድንኳን ሲገባ ግን እጁም አብሮት ይገባል። አማቹ ሣሩ ላይ ተንከባሎ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሙሽሪት ከንፈሯን ነክሳ ወደ ባሕሩ ዞራለች። በዚህ ጊዜ ተሳስቻለሁ ቢል ምን ነበረበት? ቀሚሱ ነበረበት። የአንድ በር አቅጣጫ የማያውቅ ሰው ሙሽራ ያለብሳል ማን ይላል? ስለዚህ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሆን ተብሎ የተሠራ መሆኑን አስታወቀ። ደህና ቤት ሁሉ በር የሚዘጋለት ዘበኛ አለው፤ ይህም ድንኳን ዘበኛ ያለው ድንኳን ነው አለ።

«ዘበኛውስ ማን ነው?» አለች ባለቤቱ ከውስጥ።

«እኔ ነኛ።»

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ መጀመሪያ የሞከረው የአቶ ካታሎግን ድንኳን ነው። ብድግ አደረገው፣ ሁለት ጊዜ አነጠረው፣ ከዚያ እንደ ኳስ ቁልቁል ለቀቀው። አቶ ካታሎግ ስኒውን እንደያዘ ከኋላው ሮጠ። ድንኳኑ ባሕሩ ላይ አርፎ ቀስ እያለ ሲንሳፈፍ፣ ሰውየው ከዳር ቆሞ «ዋስትና አለው እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«ታዲያ ዋስትናው ውስጥ እደር» አለው ልብስ ሰፊው።

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። አባትና ልጅ እየተጋፉ ወደተሰፋው ድንኳን ገቡ። ልብስ ሰፊው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ፣ የኮሌታውን ጫፍ አስተካከለና ውጭ ቀረ። ግባ ብለው ለመኑት። እንዴት ይግባ? በሩ ሳይቆለፍ ከተተወ ዝናቡ በቀጥታ ሙሽሪት ላይ ነው የሚወርደው፤ ሙሽሪት ከራሰች ቀሚሱ ቀረ። ሥራ ላይ ነኝ ብሎ መለሰላቸው። ውሃው በአንገቱ ገብቶ በሱሪው እግር ይወጣል። ጆሮውን ሸራው ላይ ለጥፎ ጠብታ ይሰማ እንደሆነ አዳመጠ። የሰማው የተቀቀለ እንቁላል ሲላጥና ሦስት ሰዎች ሲሳሳቁ ነው። አንዲት ጠብታ እንኳ የለችም። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። አንድ ጊዜ አስነጠሰው፤ ከውስጥ ሦስት ሰው ይማርህ አለው። ያቺ የደረት ኪስም ሥራ አገኘች፤ መሀረቡ ከዚያ ወጣ።

አቶ ካታሎግ ግን ከጧት ጀምሮ ሻይ ሲጠጣ የዋለ ሰው ነው። ጥቂት ቆይቶ ሸራውን በጣቱ ቆረቆረ።

«አማቼ፣ ክፈትልኝ።»

«ምን ጎደለህ?»

«ምንም አልጎደለብኝም፤ ተርፎኝ ነው። ክፈት በናትህ።»

እዚህ ላይ ጨካኝ ነበር የሚል ካለ ይበል። ያን ሁሉ ጊዜ የሰው ልጅን እጅ ሲያራክስ የከረመው ማን ሆነና? ልብስ ሰፊው ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ፣ ውስጡ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ ሲል ጠየቀው። አማቹ እግሩን ሲያፈራርቅ የሸራው ወለል ይንኮሻኮሻል። በመጨረሻ ትንፋሽ በማይሞላ ድምፅ፣ «ደረቅ ነው» አለ።

«ዝናቡ አላሰማኝም።»

«ደረቅ ነው አልኩህ! እንደ ብስኩት ደረቅ ነው!»

የታችኛዎቹ ቁልፎች ተፈቱ፣ አቶ ካታሎግም በእንብርክኩ ተስፈንጥሮ ወጣ።

ሲመሻሽ ዝናቡ አባራ። ባለቤቱ ልብስ ሰፊውን በኮሌታው ጎትታ አስገባችው፤ ዘበኝነቱ እዚህ ላይ አበቃ ብላ በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። በሩ ሙቀት እንደያዘው ሰው ኮት ተከፍቶ አደረ፤ ዝናቡም አልተመለሰም።

በማግስቱ ጀልባዋ ወደቡ ስትደርስ እህትየው እዚያ ቆማ ትጠብቃለች። ዓሣ ሻጮቹ፣ ተሳፋሪዎቹ፣ ተሸካሚዎቹ ሁሉ አሉ። አቶ ካታሎግ እግሩ መሬት ከመርገጡ አፉን ከፈተ። ሰው እንደ ጆንያ ከውጭ ተቆልፎበት ሊያልቅ እንደነበር፣ ያ ድንኳን ሳይሆን ወጥመድ መሆኑን፣ ቀሚሱንም ይህ ሰው ከሠራው ሙሽራዋ እንደምትታፈን አወራ። ወደቡ በሳቅ ተናወጠ። ልብስ ሰፊው ትናንት አምነህ አልነበር ሊል አፉን ከፈተ፤ ጉሮሮው ግን በብርድ ተዘግቶ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ከማለት በቀር ድምፅ አልወጣውም። አማቹ ደስ ብሎት፣ በግዳጅ የተሰጠ ቃል አይቆጠርም አለ።

ሰው እንዲህ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይክዳል? ልብስ ሰፊው የሸራውን ጥቅል አቅፎ ቆመ፤ የቀረው ነገር ያ ብቻ መሰለው።

ሙሽሪት ሻንጣዋን አስቀምጣ በመሀል ገባች።

«አባዬ፣ አንተ የመረጥክልኝ ቀሚስ ቁልፉ በየት በኩል ነው?»

«በጀርባ ነዋ፤ እሱ ነው እኮ ውበቱ።»

«በጀርባዬ ላለው ቁልፍ የእኔ እጅ ይደርሳል?»

አቶ ካታሎግ የራሱን እጅ ወደ ጀርባው ልኮ ሞከረ።

«ስለዚህ ከኋላዬ ቆሞ የሚቆልፍልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ዝናብም ቢሆን የማይሸሽ» አለች ጮክ ብላ፣ ዓሣ ሻጮቹ እንዲሰሙ። «ያንንስ ትናንት አግኝተናል። አሁን አንተ፣ ሹክ ሳትል፣ እማዬ ባለችበት፣ ይህ ሁሉ ሰው ባለበት መልስልኝ፤ ትናንት የኔ ልብስ ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ?»